መጀመሪያ ክብሪቱ

ድሬዳዋ ውስጥ ለተሰበሰቡ ነዋሪዎችና ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ! እንዴት አመሻችሁ?

ድምፃችሁ ቀነሰብኝ። ሙቀቱ ነው መሰለኝ። ድሬዎች፣ እንዴት አመሻችሁ? እንዲህ ነው እንጂ!

ፊት የተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከውሃ፣ ከመብራትና ከመንገድ የመጣችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ ሰላሳ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን የሚሰማኝ ሰው ካገኘሁ ሰዓት አላይም። ካበዛሁባችሁ አስቁሙኝ። እዚህ ከተማ "አንቱ" ብርቅ ነው አይደል? "አንተ ሰውዬ፣ በቃህ!" በሉኝ፤ አልቀየምም።

የማወራው ስለ አንዲት ጥያቄ ነው። ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ መጥቶ ሄደ እንበል። ድልድዩ ወድቋል። ውሃ የለም። መብራት የለም። ጤና ጣቢያው ጭቃ ገብቶበታል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ሎደሩም አንድ ነው። የቱን እናስቀድም?

ከእናቴ ልጀምር።

ያደግሁበት ቤት ቆርቆሮው ያፈስ ነበር። የተወለድኩት ላይ ደጋው ነው፣ ደንገጎ አካባቢ። ሌሊት ዝናብ ሲጀምር እናቴ ብድግ ትላለች። አልጋውን የምታነሳ ይመስላችኋል? አታነሳም። የአባቴን ሬዲዮ? እሱንም አታነሳም። በጨለማ በእጇ እየዳበሰች መጀመሪያ የምትፈልገው ክብሪቷን ነው። አግኝታ ጉያዋ ውስጥ ሻጥ ታደርጋታለች። ከዚያ ዱቄቱን ታነሳለች። ከዚያ እኛን። አንድ ሌሊት ከፋኝና "እኛን ትተሽ ክብሪት?" አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? "አንተ ብትረጥብ አደርቅሃለሁ። ክብሪቱ ከረጠበ በምን አደርቅሃለሁ?"

ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። መሐንዲስ ሆንኩ። ብዙ ስልጠና ወሰድኩ። ከዚህ የተሻለ ግን አልሰማሁም። በአገልግሎት ዘመኔ ያጠፋሁት ትልቁ ጥፋትም ይህችን ነገር ረስቼ ነው።

ሦስት ነጥብ ይዣለሁ። የመጀመሪያው ይቺ ክብሪት ናት።

ጥፋቴን ልንገራችሁ። የከተማዋን ስም አልጠራም። ትንሽ ከተማ ናት። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ከጉድጓዶቹ ወደ ከተማው የሚመጣውን ዋና የውሃ መስመር 200 ሜትር ያህል ጠርጎ ወሰደው። ያኔ ወጣት ነኝ፤ ጉልበት አለኝ፤ ሰው ይወደኛል። "ውሃ ከሁሉም ይቀድማል" ተባለ። ማን ይከራከራል? እውነት ነው፣ ውሃ ይቀድማል። ቡድኔን ይዤ ዘጠኝ ቀን ሌትና ቀን ሠራን። ቧንቧ ተሸከምን፣ ቆፈርን፣ ገጠምን። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ጀሪካኑን ደርድሮ፣ እኔ ራሴ ቫልቩን ከፈትኩ።

ንፋስ። ፍሽሽ አለ፣ ከዚያ ዝም።

ከፊት የቆሙ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ቢጫ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ነው የጠበቁት። ቧንቧውን አዩ፣ እኔን አዩ። "ልጄ፣ ቧንቧው እንኳ አምሯል። ውሃውስ?" አሉኝ። "እማማ፣ አሁን ይመጣል" አልኳቸው። እስከ ማታ ተቀመጡ። አልመጣም።

ለምን? ፓምፑ መብራት አልነበረውም። ሦስት ምሰሶ ወድቋል፤ ትራንስፎርመሩም አብሮ። የመብራት ሰዎቹ ጋ ደወልኩ፤ ተቆጣሁ። እነሱም ተቆጡ። ምሰሶውና ትራንስፎርመሩ ክሬን ያለው መኪና ላይ ከተጫነ ስድስት ቀን ሆኖታል። መኪናው የት ነው? ከከተማው አራት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቆሟል። ምን አቆመው? አንዲት ቱቦ። ከመንገዱ ሥር የምታልፍ፣ የፍሳሽ ካልቨርት። ጎርፉ እሷን አንስቶ ሦስት ሜትር ገደል ሠርቷል። ሰው ይዘላታል። አህያ ትወርድና ትወጣለች። ከባድ መኪና ግን አያልፍም።

እዚያ ሄጄ ቆሜ አየኋት። ሥራዋን በልቤ ቆጠርኩ፦ አንድ ቱቦ፣ ሁለት ገልባጭ ገረጋንቲ፣ ግማሽ ቀን። የእኔ ሎደር ደግሞ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የእኔን ቧንቧ ሲቀብር ነበር የሰነበተው። እያንዳንዱ ቀን አንድ ከተማ ሙሉ ሰው የወንዝ ውሃ እየጠጣ ነው። ሆዱን የታመመውን ሕፃን ሁሉ አስቡት።

ካልቨርቷ በማንም ዝርዝር ውስጥ አልነበረችም። የውሃ ቢሮው ዝርዝር ቧንቧ አለው። የመብራቱ ዝርዝር ምሰሶ አለው። የመንገዱ ዝርዝር ትልልቅ ድልድዮች አሉት። ሦስት መሥሪያ ቤት፣ ሦስት ዝርዝር፣ ሦስቱም ትክክል። ክብሪቷ ግን በሦስቱ መካከል ወድቃለች። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ ለካልቨርት ሪባን አይቆረጥም። ድልድይ ይመረቃል። ሆስፒታል ይመረቃል። "የቱቦ ምርቃት" ተብሎ ተጠርታችሁ ታውቃላችሁ?

ስለዚህ "ዋናው ነገር ምንድን ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም ሰው የራሱ ዋና አለው። "ይሄ እንዲሠራ ምን መሥራት አለበት?" ብላችሁ ጠይቁ። ሆስፒታሉ እንዲሠራ? መብራት። መብራቱ? ጄኔሬተር። ጄኔሬተሩ? ናፍጣ። ናፍጣው? መንገድ። የትኛው መንገድ? የትኛው ቦታ ላይ የተቆረጠው? እንደ ሕፃን ልጅ እስክትሰለቹ ጠይቁ። ከየአቅጣጫው የሚመጣው መልስ ደጋግሞ የሚያርፍበት ቦታ አለ። ክብሪቱ እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው።

ሞዛምቢክን ተመልከቱ። በ2019 እ.ኤ.አ. ማርች ላይ ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ ቤይራን መታ። የግማሽ ሚሊዮን ሰው ከተማ ናት። ዋናው መንገድ ተቆረጠ፤ መብራት ጠፋ፤ ውሃ ቆመ። የከተማዋ የውሃ ማጣሪያ እንዲሠራ ከተደረገው እርዳታ አንዱ ምን ነበር? ነዳጅ። ዩኒሴፍ ነዳጅ አቀረበ። እንዲያም ሆኖ ወሩ ሳያልቅ ኮሌራ ገባ። ውሃ ቶሎ ካልተመለሰ ኮሌራ ቀጠሮ አያከብርም። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ያስፈልጋል ይላል ዓለም የሚሠራበት የእርዳታ መለኪያ። ከአንድ ጀሪካን ያነሰ ማለት ነው። ለመጠጥም፣ ለማብሰልም፣ ለመታጠብም።

ፖርቶ ሪኮን ደግሞ አስቡ። ሴፕቴምበር 2017 እ.ኤ.አ.፣ ማሪያ የተባለችው ማዕበል። የደሴቷ መብራት ሙሉ በሙሉ ጠፋ። የመጨረሻዎቹ ቤቶች መብራት እስኪያገኙ 11 ወር ገደማ ፈጀ። መጀመሪያ መንግሥት ያወጀው የሟች ቁጥር 64 ነበር። በኋላ በተደረገ ጥናት ቁጥሩ 2,975 ሆኖ ተቀበሉት። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ሰው ሁሉ በንፋስ አልሞተም። የኦክስጅን መሣሪያው የቆመበት አለ። ኩላሊቱን የሚያጥብበት ያጣ አለ። መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ የተበላሸበት አለ። አደጋ ሁለት ጊዜ ይገድላል። የመጀመሪያውን እኛ አናቆመውም። ሁለተኛው ግን በእኛ ወረፋ አያያዝ ላይ ነው ያለው።

ውሃ ልጠጣ። ስለ ውሃ ሳወራ ይጠማኛል።

ሁለተኛው ነጥብ፦ መክፈት ሌላ፣ መጠገን ሌላ።

እስቲ አንድ እጃችሁን አንሱ። ተማሪዎች፣ እናንተም። ጣቶቻችሁን ዘርጉና ወደ ጎን አዙሩት። መዳፋችሁ ከላይ እስከ ታች የሚሄድ አንድ መንገድ ነው በሉ። ጣቶቻችሁ ከእሱ ተገንጥለው ወደ ባሕር የሚወርዱ መንገዶች ናቸው። የጣቶቻችሁ ጫፍ የባሕር ዳር ከተሞች ናቸው። ማበጠሪያ አይመስልም?

ማርች 11 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. የጃፓንን ሰሜን ምሥራቅ፣ ቶሆኩ የሚባለውን፣ መሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ሲመታው ያደረጉት ይህንን ነው። ስሙንም የማበጠሪያ ጥርስ ብለውታል። የጠፋው ያለው ባሕሩ ዳር ነው። ሰው የሚጮኸው እዚያ ነው። እኛ ብንሆን ወዴት ነው የምንሮጠው? ወደ ባሕሩ ዳር መንገድ። እነሱ ግን መጀመሪያ ወደ ውስጥ ያለውን፣ ከሰሜን ደቡብ የሚሄደውን ዋና መንገድ ያዙ። እሱ አከርካሪው ነው። ከዚያ ወደ ባሕር የሚወርዱ 16 መንገዶችን መርጠው በእነሱ ላይ ዘመቱ። በማግስቱ 11ዱ ተከፈቱ። በአራተኛው ቀን 15 ደረሱ። በሳምንቱ የባሕሩ ዳር መንገድ ራሱ ከመቶ 97 እጁ መኪና ያሳልፍ ነበር።

ልብ በሉ፣ "ተከፈቱ" ነው ያልኩት። አልተጠገኑም። ፍርስራሹን ወደ ዳር ገፍተው አንድ መኪና የምታልፍበት መስመር አወጡ፤ በቃ። አስፋልት የለም፣ ቀለም የለም። አምቡላንስ ካለፈ፣ ነዳጅ የጫነ ቦቴ ካለፈ፣ መንገዱ ሥራውን ጀምሯል። የቀረው ለኋላ ነው።

እኛ ሙያተኞች ላይ አንድ በሽታ አለ። ጊዜያዊ ሥራ ያሳፍረናል። ተማሪ ቤት የተማርነው ለሃምሳ ዓመት የሚቆም ድልድይ ነው። ስለዚህ ዲዛይን እንሠራለን፣ ጨረታ እናወጣለን፣ ሕዝቡ ደግሞ ማዶ ሆኖ ያየናል። ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ፣ አንድ ሮቶ፣ አንድ ቦቴ፣ ክሎሪን፣ አንድ ጄኔሬተር፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ይሄ ነው። እርግጥ ተቃራኒው በሽታም አለ። "ጊዜያዊ" ተብሎ ተሠርቶ ልጆቹ አድገው የልጅ ልጅ ሲሻገርበት ያየሁት ድልድይ አለ! መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጊዜያዊ ነገር ስትሠሩ ላዩ ላይ በቀለም ቀን ጻፉበት። "እስከዚህ ቀን ብቻ" በሉ። ሕዝብ ማንበብ ይችላል፤ ቀኑ ሲያልፍ ይጠይቃችኋል።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ከመክፈትም በፊት አደጋው ማለቁን ማየት። ሐምሌ 2016 ላይ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ሁላችንም አንረሳውም። መጀመሪያ ተራራው ተንሸራተተና ሰው ቀበረ። ጎረቤት ሁሉ ሊያወጣቸው ሮጦ መጣ። እኛ አገር ሌላ ምን ይደረጋል? አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ጭቃውን መቆፈር ያዘ። ከዚያ ተራራው እንደገና መጣ። የመጡትንም ወሰደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። በእነዚያ ሰዎች ላይ የሚፈረድ ነገር የለም። እኔም ብሆን እሮጥ ነበር። ግን አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ሥራው ወደ ላይ ማየት የሆነ ሰው ያስፈልጋል። ሌላው ሲቆፍር እሱ ተራራውን የሚያይ፣ ፊሽካ የያዘ።

ፈንታሌ አካባቢም ያየነው ይሄው ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 በሬክተር መለኪያ 5.7 የደረሰ መንቀጥቀጥ ነበር። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለወራት ምድሪቱ አላረፈችም። መንገድ ተሰነጠቀ፤ ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቀለ። ለእናንተ የጅቡቲን መንገድ ነገር መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። መሬቱ ገና እየተንቀጠቀጠ ስንጥቁን በአስፋልት መድፈን ግን ገንዘብ መቅበር ነው። ገረጋንቲ ሙሉበት፣ ጠቅጥቁት፣ መኪናውን አሳልፉ። ነገም ከተሰነጠቀ ነገም ሙሉት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሦስተኛው ነጥቤ አጭር ነው ብዬ ነበር የመጣሁት። ሳስበው ግን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ዝርዝሩን የሚያወጣው ማን ነው?

አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ፣ ገጠር፣ ከጎርፍ በኋላ ለዳሰሳ ሄድን። አምስት ነን፤ አምስታችንም ወንዶች፤ አምስታችንም የጎማ ቦቲ ተጫምተናል። ዝርዝራችንን አወጣን፦ መንገድ፣ ውሃ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ። ጥሩ ዝርዝር ነው። ፎርማናችን ግን ብልህ ሰው ነበር። "እስቲ ሴቶቹን እንጠይቅ" አለ። ወደ አንድ ደጃፍ ሄደን ጠየቅን። አንዷ ወጣት እናት፣ ልጅ አዝላለች፣ ጥያቄያችንን አላስጨረሰችንም። "ወፍጮው" አለች። ወፍጮ? አዎ፣ ወፍጮ። እርዳታ መጥቷል፤ ለሁሉም ተሰፍሯል። ግን ስንዴ ነው የመጣው፣ ጥሬ ስንዴ። የወፍጮ ቤቱ ሞተር ጭቃ ገብቶበት ቆሟል። ሰዉ ቤት ውስጥ ኩንታል እያለው ንፍሮ እየበላ ነው። ሕፃናቱ ደግሞ ንፍሮ አይበሉም።

ወፍጮ ቤቱ የግለሰብ ነው። ስለዚህ የማንም "መሠረተ ልማት" አይደለም። አንድ መካኒክ ሞተሩን በሁለት ቀን ፈቶ አጥቦ አስነሳው። ከሠራናቸው ሁሉ በጣም የተመሰገንነው በዚያች ሥራ ነው። ያቺ እናት ባትጠየቅ ኖሮ ግን ሪፖርታችን "ምግብ ለሁሉም ደርሷል" ብሎ ይዘጋ ነበር።

ሌላም አለ። ስልክ ያለው ይደውላል። ዘመድ ያለው ያስደውላል። ቪላ ያለበት ሰፈር ውሃ ሁለት ቀን ሲጠፋ ከተማው ሁሉ ይሰማል። ዳር ያለው ሰፈር ሁለት ወር ሲጠፋበት ማንም አይሰማም፤ ስልኩም ባትሪ ጨርሷል። ይህንን ያየሁት አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ከአደጋ በኋላ ዝም ያለውን ሰፈር ፍሩ። ዝምታ "ደህና ነን" ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ "መናገሪያ የለንም" ማለት ነው። መጀመሪያ ሰው መላክ ያለበት ወደዚያ ነው።

እና ዝርዝሩ የሚወጣው መቼ ነው? ሁሉ ነገር ከሆነ በኋላ፣ ባለሥልጣኑ ቆሞ፣ ሕዝቡ እያለቀሰ፣ ሁሉም እየጮኸ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ወደ ደቻቱ።

ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ለእንግዳ "ይሄ ወንዝ ነው" ብትሉት ይስቃል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት የሆነውን ግን እዚህ ያላችሁት ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ላይ እኛ አገር የዘነበው ዝናብ በተኛችው ከተማ ላይ ወረደ። ከ250 በላይ ሰው አለቀ፤ ወደ 10 ሺህ የሚሆን ተፈናቀለ። እኔ በዚያ ሌሊት ሥራ ላይ ሩቅ ነበርኩ። ጠዋት ስደውል ስልክ የሚያነሳ አጣሁ። ያንን ቀን ዛሬም አልወደውም።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚያ ሌሊት ሰው ያጣችሁ አላችሁ። አውቃለሁ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ።

ከዚያ ወዲህ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ጥሩ ነው። ሊቢያ ውስጥ ያለችው ደርና ግን ከላይ ሁለት ግድብ ነበራት። እሷም እንደ ድሬ መሃሏን ደረቅ ወንዝ የሚያልፍባት ከተማ ናት። በ2023 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር አንድ ሌሊት ሁለቱም ግድቦች ተደረመሱ። ድልድዮቿን ጎርፉ ወሰዳቸው፤ ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጠፋ። ግንብ አለ ብሎ መተኛት አይቻልም።

ደቻቱ እኛንም ለሁለት ይከፍለናል፤ ከዚራና መጋላ። ነገ ሌሊት ድልድዮቹ ሁሉ ቢዘጉ፣ እናንተ ያላችሁበት ማዶ ምን ይጎድለዋል? ምጥ የያዛት ሴት ወዴት ትወሰዳለች? ዳቦ ቤቱ፣ ነዳጅ ማደያው፣ የኢንሱሊኑ ፍሪጅ፣ ሎደሩ የት ነው ያለው? ሎደሩ በየትኛው ማዶ እንደሚያድር የሚያውቅ አለ? ስንት ሰው ነው? ሁለት። ሁለት ሰው ብቻ! የሳቢያን ጉድጓዶች ለዘመናት ውሃ አጠጥተውናል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑን የሚያስነሳው ምንድን ነው? ናፍጣው ለስንት ቀን ይበቃል? የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ሰው ስልኩ ማን ጋ አለ? አትሳቁ። አንድ ጊዜ ሁሉም ዕቃ ተሟልቶ፣ ቁልፍ የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዶ ግማሽ ቀን ቁጭ ብለናል።

ከየወንበራችሁ ሥር አንድ ወረቀት አለ። አውጡት። ከላይ የሰፈራችሁን ስም ጻፉ። የራሳችሁን ስም አትጻፉ። ከሥሩ ለሰፈራችሁ ክብሪት ነው የምትሉትን አንድ ነገር ብቻ ጻፉ። ሁለት አይቻልም። አንድ። የውሃ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ የውሃ ሰው አይደላችሁም፤ ጎረቤታችሁን ጠይቁ። ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ተማሪዎቹ ይጽፉላቸዋል። ሲነግሯችሁ እንዳታርሟቸው፤ እንዳሉት ጻፉ።

እስክሪብቶ የሌለው እጁን ያውጣ። ሻይ እስኪመጣ ወረቀቱን ሰብስበን እዚህ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን፤ ከዚራን በዚህ በኩል፣ መጋላን በዚያ በኩል።